ያን ቀን የላክሁልህ ቀልድ

ወንድም ዓለም፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? ቤተሰብ ሁሉ ደህና? እኔ ደህና ነኝ። ድምፅህን ከሰማሁ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በዚህ መሃል ስንቴ ልጽፍልህ ጀምሬ እንደተውኩት ብነግርህ አታምነኝም። አንዳንድ ማታ የድሮ መልእክቶቻችንን ከፍቼ አነባለሁ። ያ ሁሉ ዜና፣ ያ ሁሉ ሳቅ። መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ያቺ የእኔ አንድ መስመር ቁጭ ብላ ትጠብቀኛለች። ከእሷ በታች ምንም የለም።

የቷን እንደምልህ ታውቃለህ። ከሥራ እንደተሰናበትክ የነገርከኝ ጠዋት የመለስኩልህን ማለቴ ነው። ላፕቶፕህን ስትከፍት የይለፍ ቃልህ አልሠራ አለህ፤ ትንሽ ቆይቶ በግል ኢሜይልህ አጭር ደብዳቤ መጣ። ሰባት ዓመት ያገለገልክበት ቤት ነው። እኔ ደግሞ ምን አልኩህ? «እንኳን ደስ ያለህ፣ ከእንግዲህ ሌሊት የሚቀሰቅስህ ሰርቨር የለም።»

ይቅርታ አድርግልኝ። በወቅቱ ማለት ነበረብኝ፣ አላልኩም። ያን ሰሞን የቅነሳ ዜና በየቀኑ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2022 ሜታ 11,000፣ በጃንዋሪ 2023 ጎግል 12,000 ሰው እንደሚያሰናብቱ ተናገሩ፣ ሌሎችም ተከተሉ፣ እኛም ለእያንዳንዱ ዜና ቀልድ እየፈለግን ስንላላክ ሰነበትን። ቁጥር ሲበዛ ሰው አይታይም። ያንተን መልእክት ሳነብ እጄ የለመደውን ጻፈ። ጓደኛዬ ነው የሚያወራኝ ብዬ ቆም አላልኩም።

ነገሩን ብዙ አስቤበታለሁ። እኛ ፕሮግራመሮች ዜና ስንሰማ መጀመሪያ የሚመጣልን ለምን ቀልድ ይሆናል? ሌላው ሰው «ልብ የላቸውም» ይለናል። እኔ አይመስለኝም። ቀልዶቻችን ባዶ አይደሉም፤ እያንዳንዳቸው ውስጥ የአንድ ሰው የተበላሸ ሌሊት አለ። «ዓርብ ቀን ዲፕሎይ አታድርግ»፣ አዲስ ኮድ ሥራ ላይ አታውል፣ የምንለው ቅዳሜና እሑዳችን ስለተበላ ነው። «ሁሌም ጥፋቱ የዲኤንኤስ ነው» የምንለው የድረ ገጽ ስምን ወደ ቁጥር አድራሻ የሚቀይረውን ያን ሥርዓት ትተን ሌላውን ሁሉ ስንፈትሽ ካደርን በኋላ እሱ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። በኦክቶበር 2025 ለሌሎች ድርጅቶች ሰርቨር የሚያከራየው የአማዞን አገልግሎት ሲቋረጥና ስንቱ ነገር አብሮት ሲቆም እውነትም እሱው ነበር፤ ሁለት አውቶማቲክ ሥራዎች እርስ በርስ ተቀዳድመው አንድ የዲኤንኤስ መዝገብ ባዶ ሆኖ ቀረ። ዜናውን ሳነብ ያንተን ስም ፈልጌ ስልኩን ይዤ ቆየሁ።

የሌፍትፓዱን ታስታውሳለህ? ማርች 2016። 11 መስመር ኮድ። ሥራው ጽሑፍ የሚፈለገው ርዝመት እስኪደርስ ከግራ በኩል ባዶ ቦታ መሙላት ብቻ ነው። ባለቤቱ በአንድ ስም ምክንያት ከአንድ ድርጅት ጋር ተጣላ፣ ተናደደና የጻፋቸውን ሁሉ ፕሮግራመሮች ኮድ ከሚጋሩበት ማከማቻ ከኤንፒኤም አነሳ፣ በዚያው ቅጽበት ሌፍትፓድ የሚባል ነገር መኖሩን እንኳ ሳያውቁ በእሱ ላይ የቆሙ ፕሮጀክቶች በየአገሩ መገንባት አቃታቸው። እንዴት ሳቅን! ግን ሳቃችንን ሳንጨርስ ሁለታችንም የራሳችንን ፕሮጀክት ከፍተን ስንት የማናውቀው ሰው ኮድ ላይ እንደቆምን መቁጠር ጀመርን። እኔ መቁጠሩን መሃል ላይ ተውኩት። አንተ እስከ መጨረሻው ቆጠርክ፤ በማግስቱም አለቃህን «የምንጠቀምባቸውን ሁሉ ኮፒ አድርገን እኛ ጋ እናስቀምጥ» ብለህ አሳመንክ። ጥሩ ቀልድ እንደዚያ ነው። ያስቅሃል፣ ከዚያ ያስነሳሃል።

ከሁሉም በላይ ግን ከአእምሮዬ የማይጠፋው የብዙ ፕሮግራመር ኮድ የሚቀመጥበት የጊትላብ ሌሊት ነው። ጃንዋሪ 31 ቀን 2017። መሽቷል፣ ኢንጂነሩ ደክሞታል፣ ከሁለት ሰርቨሮች የተጠባባቂውን ዳታ ላጥፋ ብሎ የዋናውን አጠፋ። ስህተቱን ያወቀው ወዲያው ነው፤ ግን ከ300 ጊጋባይት ገደማ የተረፈው 4.5 ያህል ነበር። ባክአፕ፣ ማለትም መጠባበቂያ ኮፒ፣ ሲፈለግ ከአምስቱ መንገዶች አንድም የሚታመን አልተገኘም። ያዳናቸው ያው ሰው ከስድስት ሰዓት በፊት ለሌላ ሥራ ብሎ በእጁ ያነሳው ኮፒ ነው። የዚያ የስድስት ሰዓት ሥራ ግን ተመልሶ አልመጣም። እነሱም ምንም አልደበቁም፤ ማስታወሻቸውን ክፍት አድርገው፣ የጥገናውን ሥራ በቀጥታ ስርጭት እያሳዩ ሠሩ።

እኔ እንደልማዴ የባክአፕ ቀልድ ላክሁልህ። አንተ አልሳቅክም። «ይህ ልጅ አሁን እጁ እየተንቀጠቀጠ ይሆናል» አልከኝ። ይኸው ነው ያልከው። ከዚያ ስርጭቱን ከፍተህ እስኪነጋ አብረሃቸው ቆየህ፤ የምታውቀው አንድም ሰው እዚያ አልነበረም። ደግነቱ ያን ሌሊት እንዳንተ ያሰበው ብዙ ነበር። «ነገ እኛም ላይ ይደርሳል፣ አይዟችሁ» የሚል መልእክት ከየቦታው ይጎርፍላቸው ነበር። እኔ ያን ጊዜ ገርሞኝ ብቻ አለፍኩ። አንተ መቼ እንደሚሳቅና መቼ እንደማይሳቅ ታውቅ ነበር። ያንተ ቀን ሲመጣ እኔ አላወቅኩም።

ከተለያየን ወዲህ ሁለት ዜናዎች ክፉኛ ነክተውኛል። ሁለቱም በ2024 የሆኑ ናቸው። አንደኛው የኤክስዜድ ነው፤ ፋይል የምታሳንስ የኮድ ስብስብ፣ እኛ ላይብረሪ የምንላት። አንድሬስ ፍሮይንድ የሚባል ኢንጂነር በኤስኤስኤች፣ ከሩቅ ኮምፒውተር በሚገባበት ፕሮግራም፣ ሲገባ ግማሽ ሴኮንድ ያህል ዘገየበት። ግማሽ ሴኮንድ! ሌላው ሰው የማያየውን እሱ ለምን ብሎ ተከታተለው፤ ማርች 29 በዚያች ከሞላ ጎደል ሁሉም የሊኑክስ ሥርዓቶች ላይ ባለች ትንሽ ላይብረሪ ውስጥ ሰርጎ መግቢያ የኋላ በር ተቀብሮ እንዳገኘ ለዓለም አሳወቀ። የብዙው ሰው ቀልድ ስለ ግማሽ ሴኮንዷ ነበር፣ ደስ የሚልም ነበር። እኔን የያዘኝ ሌላው ነው። ላይብረሪዋን ለዓመታት ተሸክሞ የቆየው አንድ ሰው ነው፣ ያለ ክፍያ። በ2022 የአእምሮ ጤንነቱ እንዳስቸገረው፣ ሥራውም በትርፍ ጊዜ በነፃ የሚሠራው እንደሆነ በግልጽ ጽፎ ነበር። መልሱ ምን ሆነ? «ታዲያ ለሌላ ሰው ልቀቀው» የሚል ግፊት። ትሑትና ታታሪ ሆኖ ሊረዳው የቀረበው ሰው ነው የኋላ በሩን ያስገባው። ደከመኝ ላለ ሰው የሰጡትን መልስ ሳነብ ያቺ የእኔ መስመር ትዝ አለችኝ። ልደውልልህ ስልኬን ያነሳሁት ያን ቀን ነው። አፍሬ መልሼ አስቀመጥኩት።

ሁለተኛው የኮምፒውተር ደህንነት ድርጅቱ የክራውድስትራይክ ነው። ጁላይ 19፣ እንደፈረደብን ዓርብ ቀን። የላከው አፕዴት ስህተት ኖሮበት፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ወደቁ። በረራ ተሰረዘ፣ ሆስፒታሎች ሕክምና አራዘሙ። የዓርቡ ቀልድም ከየአቅጣጫው መጣ። ምክንያቱ ሲነገር እኮ ነገሩ የአንድ ቁጥር ልዩነት ነው፤ የተላከው ፋይል 21ኛውን ግብዓት ይፈልጋል፣ ፕሮግራሙ የሚያቀርበው 20 ብቻ ነው፣ የሌለውን ላንብብ ሲል ኮምፒውተሩን ይዞት ይወድቃል። አፕዴቱን በ78 ደቂቃ ውስጥ መልሰውታል። ግን አንዴ የወደቀ ኮምፒውተር ማስተካከያውን በኔትወርክ አይቀበልም፤ አብዛኞቹን አንድ ሰው ፊታቸው ቆሞ፣ በየተራ አስነስቶ፣ ፋይሉን በእጁ ማጥፋት ነበረበት። እኔም ያን ቀን አልቀለድኩም። በየድርጅቱ ምድር ቤት ከኮምፒውተር ወደ ኮምፒውተር ሲዞሩ የሚያድሩትን እያሰብኩ ዋልኩ። ካንተ የተማርኩት ነው።

ስለ ኤአይ ወሬ እንኳ ብዙ አልልህም፤ ጆሮህ እንደሞላ አውቃለሁ። ፕሮግራመር ሊያበቃለት ነው የሚለው ዜና ሲመጣ የእኛ ሰው የሚመልሰው «ይህን ሰምተነዋል» እያለ ነው፤ ሐሰት አይደለም፤ ከቀደምቶቹ የፕሮግራም ቋንቋዎች አንዱ ስለሆነው ፎርትራን በ1954 የወጣው የመጀመሪያ ሪፖርት ኮድ መጻፍና ስህተት ማረም ከሞላ ጎደል ሊቀር ነው ብሎ ነበር። ግን ባለፈው ወር እኛ ጋ አዲስ የገባች ልጅ ጠጋ ብላ «እውነት ይህን ሥራ ተምሬ ልቀጥል?» አለችኝ። ዓይኗ ላይ ፍርሃት ነበር። የፎርትራኑን ነገር ልነግራት አፌን ከፈትኩ፣ ተውኩት። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩና ምን እንደሚያስፈራት ጠየቅኳት። አንድ ሰዓት ያህል አወራን። የቤት ኪራይና የእናቷ ነገር ነበር ያስጨነቃት። ማሽኑ ኮድ ቢጽፍም ለምን እንደወደቀ የሚጠይቅና ኃላፊነት የሚወስድ ሰው እንደሚያስፈልግ የማምንበትን ያህል ነገርኳት፤ ከምንም በላይ ግን ሰማኋት።

ሥራ እንዳገኘህ ከአንድ ወዳጃችን ሰምቼ ደስ ብሎኛል። ግን ያን ጠዋት ላፕቶፑ አልከፍት ሲልህ ምን እንደተሰማህ እስካሁን አላውቅም። አልጠየቅኩህም። ልትነግረኝ ከፈለግክ፣ በጽሑፍም ይሁን በድምፅ፣ በፈለግከው ሰዓት ቁጥሬ ያው ነው። ሌሊትም ቢሆን ደውል።

የሚናፍቅህ ወንድምህ