ለመጀመሪያው የአይኢፒ ስብሰባሽ

ልጄ፣

በስልክ ስናወራ አንቺ ታለቅሻለሽ፣ እኔም ሆዴ ይባባል። ዋናው ነገር ሳይነገር ስልኩ ይዘጋል። ስለዚህ ብጽፍልሽ ይሻላል አልኩ። ከስብሰባው በፊት ረጋ ብለሽ አንብቢው።

ማሙሽ ኦቲዝም እንዳለበት ተነግሮሽ ገና ሳይበርድልሽ የትምህርት ቤቱ ደብዳቤ መምጣቱ ከብዶሻል። ይገባኛል። ግን እዚያ ልጅሽ ላይ አይፈረድም። ትምህርት ቤቱ ለልጅሽ ምን እንደሚያደርግለት ቃል የሚገባበት ቦታ ነው። ቃሉም በወረቀት ይሰፍራል። አይኢፒ፣ የልጁ የግል የትምህርት ዕቅድ፣ የሚሉት እሱን ነው።

እኛ ያደግነው መምህር ሲናገር አንገታችንን ደፍተን እየሰማን ነው። ወላጅ ትምህርት ቤት የሚጠራውም ልጁ ሲያጠፋ ነበር። ስለዚህ ብዙ አበሻ እዚያ ክፍል ሲገባ ይሉኝታ ይይዘዋል። «እግዜር ይስጥልን» ብሎ፣ ፈርሞ ይወጣል። አክብሮታችንን አልነቅፍም፣ ያሳደገን እሱ ነው። እዚያ ጠረጴዛ ላይ ግን ዝም ካልሽ እንደተስማማሽ ነው የሚቆጠረው።

ወንበርሽን ማንም በቸርነት አልሰጠሽም። ድሮ ብዙ ትምህርት ቤቶች እንደ ማሙሽ ያሉ ልጆችን አንቀበልም ይሉ ነበር። አንቺ ካለሽበት ሜሪላንድ ጎረቤት ዋሽንግተን ዲሲ ከትምህርት የተገለሉ የሰባት ጥቁር ልጆች ጉዳይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1972 ተፈረደላቸው። በ1975 ደግሞ ፕሬዚዳንት ፎርድ ለመላው አሜሪካ የሚሠራውን ሕግ ፈረሙ። ዛሬ አይዲኢኤ የሚባለው የአካል ጉዳተኛ ልጆች የትምህርት ሕግ እሱ ነው። በዚህ ሕግ ወላጅ አይኢፒውን የሚያወጣው ቡድን አባል ነው። እንግዳ አይደለሽም።

እንግሊዝኛሽ ጥሩ ነው፣ ባልሽ ግን ገና አዲስ ነው። እሱም ስለ ልጁ ሁሉንም መስማት አለበት። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ ትምህርት ቤቱ በራሱ ወጪ ያቀርባል። አንቺ ላስተርጉም እንዳትዪ። የልጅሽን ነገር እየሰማሽ፣ ሆድሽ እየተላወሰ፣ እያንዳንዱን ቃል ለሌላ ሰው ማድረስ አትችዪም። እዚያ ሳለን ለወንድምሽ የአይኢፒ ስብሰባ «እህቱ ታስተርጉምልሽ» ሲሉኝ እምቢ ያልኩት ለዚህ ነው። ልጅ ነበርሽ።

ሜሪላንድ ውስጥ የምርመራው ውጤትና የአይኢፒው ረቂቅ ቢያንስ ከስብሰባው 5 የሥራ ቀን በፊት እጅሽ መግባት አለበት። ካልደረሰሽ በኢሜል ጠይቂ። በቃል የተባለ ነገር ይረሳል፣ ኢሜል ግን ቀኑን ይዞ ይቀመጣል። ረቂቁ ሲመጣ ከሁሉ በፊት ግቦቹን እዪ። «ንግግሩን ያሻሽላል» የሚል ግብ ግብ አይደለም። «የሚፈልገውን ነገር በሁለት ቃል ይጠይቃል፣ ከአምስት ጊዜ በአራቱ» ሲባል ግን መለካት ይቻላል። ዛሬ የት ነው ያለው? ማን ይለካዋል? እኔስ መቼ ይነገረኛል? በሳምንት ስንት ደቂቃ ስፒች ቴራፒ፣ የንግግር ሕክምና፣ ያገኛል? ከክፍሉ ልጆች ጋር ሆኖ ነው ወይስ ተነጥሎ? ይህን ሁሉ ጠይቂ። ሰዓት አለቀ ቢሉሽ ሌላ ቀጠሮ ይያዝ በይ። ይደረጋል፣ አድርገነዋል።

የወንድምሽን ነገር በደንብ አልነገርኩሽም። ሚድል ስኩል እያለ ዲፕሎማ ወደማያሰጥ ፕሮግራም እናዛውረው አሉኝ። በለሰለሰ አፍ ነው የነገሩኝ፣ «ለእሱ እንዳይከብደው» እያሉ። ለአንዳንድ ልጅ ያ መንገድ ይሻለው ይሆናል፣ የማንንም ቤት አልፈርድም። የእኔ ልጅ ግን ታሪክ ሲነበብለት ከእኔ በላይ ያስታውስ ነበር። ቀስ ብዬ ጠየቅኩ፦ «አይችልም ያላችሁት በየትኛው ፈተና ነው? አሳዩኝ።» ያመጡት ፈተና በጽሑፍ የሚሠራ ነበር፣ እሱ ደግሞ ችግሩ እጁ ላይ ነው። ስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ሜሪላንድ ለእንዲህ ያለው ዝውውር የወላጅ ፊርማ ይጠይቃል። በምርመራቸው አልስማማም፣ ከውጭ ሰው ይመርምረው ብዬ በጽሑፍ አመለከትኩ። እንዲህ ሲባል ትምህርት ቤቱ ወይ ወጪውን ይከፍላል፣ ወይ የኔ ምርመራ ትክክል ነው ብሎ በችሎት ይሟገታል። ከፈሉ። አዲሱ ምርመራ ሲመጣ የቃል ፈተናና ኮምፒውተር ተፈቀደለት። ዲፕሎማውን እንዴት እንደተቀበለ አንቺም አይተሻል።

«ትንሽ ለውጥ ካሳየ ይበቃዋል» የሚል ሰው ካጋጠመሽ፣ በ2017 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት አይበቃም እንዳለ እወቂ። ጉዳዩ ኮሎራዶ ግዛት የሚኖር፣ ኦቲዝም ያለበት ልጅ ጉዳይ ነበር። ዳኞቹ በአንድ ድምፅ፣ ዕቅዱ ልጁን ካለበት ሁኔታ አንጻር በሚገባው ልክ ወደፊት የሚያራምድ መሆን አለበት አሉ። ስለዚህ የጠየቅሽውን እምቢ ካሉ እምቢታውን ከነምክንያቱ በጽሑፍ ስጡኝ በይ። መብትሽ ነው። ሳትቆጪ በይው። መምህራኑ አብዛኞቹ ደጎች ናቸው፣ ነገም ልጅሽን የሚይዙት እነሱ ናቸው። መጀመሪያ ስላደረጉለት ነገር አመስግኚ፣ ከዚያ ጠይቂ።

ቤት ውስጥ አማርኛ አቁሙ የሚል ምክር ብትሰሚ አትቀበዪ። ሁለት ቋንቋ ኦቲዝም አያመጣም፣ አያባብስምም። እኔም ልጄ ከልጇ ጋር በቋንቋዋ እንድትጫወት እፈልጋለሁ። ጸበል ልውሰደው ወይ ላልሽኝ፣ ውሰጂው፣ እኔም እጸልያለሁ። ስፒች ቴራፒውን ግን ለጸበል ብለሽ አታስቀሪ።

ሲያስፈርሙሽ ፊርማው ለምን እንደሆነ አንብቢ። «ተገኝቻለሁ» የሚል አለ፣ «ተስማምቻለሁ» የሚል አለ። ካልገባሽ ወረቀቱን ይዘሽ ቤት ሂጂ።

የአስተርጓሚውን ኢሜል ዛሬውኑ ላኪ። ረቂቁ ሲደርስሽ ገጾቹን ፎቶ አንስተሽ በቴሌግራም ላኪልኝ። መነጽሬን አድርጌ አብሬሽ አነበዋለሁ፣ ጥያቄዎቹንም አብረን እናዘጋጃለን።

እናትሽ፣ ከአዲስ አበባ