የስንቅ ከረጢትን ከአይጥ ስለመጠበቅ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ከሐረርና ከድሬዳዋ ተነሥተው ወደ ቁንዱዶ ተራራ፣ እንዲሁም ከፍታው ከ3,000 ሜትር ወደሚበልጠው ጋራ ሙለታ የሚወጡ አንዳንድ ተጓዦች ስንቃቸውን ከአይጥ ለማዳን በድንኳናቸው ዙሪያ መርዝ ይበትናሉ። መርዝ የበላችውን አይጥ ጉጉት ወይም የእረኛ ውሻ ሊበላት ስለሚችል ጉዳቱ በእርሷ አያበቃም። ከማይዝግ ብረት ሽቦ የተሠራ የመረብ ከረጢት ከመርዝ እጅግ ይሻላል፤ ሆኖም ሳይሻሻል ለጉዞ አይበቃም ባይ ነኝ።

ለመስኮት የሚሸጠው የፕላስቲክ ወንፊት ለዚህ አይሆንም፤ የአይጥ የፊት ጥርስ ዕድሜ ልኩን ስለሚያድግ እንስሳዋ መቆርጠሟን አታቋርጥም። የቤት አይጥ እርሳስ በሚያሾልክ ክፍተት ስለምትገባ የመረቡ ቀዳዳ ከ6 ሚሊ ሜትር በታች ይሁን።

ይሁንና ጠንካራ መረብ የያዘ ከረጢትም ቢሆን የሚሸነፈው በስፌቱና በአፉ በኩል ነው። በጥጥ ክር የተሰፋ መረብ ክሩ በተቆረጠ ጊዜ ይከፈታልና ጠርዙ ሁለት ጊዜ ታጥፎ በቀጭን የማይዝግ ሽቦ ቢጠለፍ መልካም ነው። ቬልክሮ በሚባለው ተለጣፊ ብቻ የሚዘጋ አፍ በሁለቱም ጥግ ክፍተት ስለሚተው፣ አፉን አስረዝሞ ደጋግሞ በመጠቅለል በብረት መቆንጠጫ መያዝ ያስፈልጋል። የተቆረጠ ሽቦ እጅና ላስቲክ ስለሚቀድድ ውስጡ በወፍራም ሸራ ይሸፈን፤ ሸራው ከውጭ ከዋለ ለአይጧ ጥርስ መፈተኛ ከመሆን አያልፍም። ሽቦውን በእጅ ለመጥለፍ ትዕግሥት ብቻ ይበቃል፤ ሸራውን ግን በጀጎል፣ በግንብ በታጠረው የሐረር አሮጌ ከተማ፣ መኪና ግርግር በሚባለው መንገድ ያሉ ልብስ ሰፊዎች በቀላሉ ይሰፉታል።

መረብ ሽታንም ሽንትንም አያግድም። የአይጥ ሽንት ሌፕቶስፓይሮሲስ የተባለውን በሽታ ሊያስተላልፍ ስለሚችል በሶውና ቆሎው በመጀመሪያ ክዳኑ በሚገጥም ዕቃ መግባት ይኖርበታል። ባዶው የጀርባ ቦርሳም ፍርፋሪው ተራግፎ፣ ኪሶቹ ተከፍተው ይደር፤ አይጥ የተዘጋ ኪስ ሲያጋጥማት በስታ ትገባለችና።

ጅብን በተመለከተ፣ ሐረር ለሚኖር ሰው መንገር ባያሻም፣ አጥንት የሚሰብር መንጋጋ በሽቦ መረብ አይመለስም። ጅብ በሚበዛበት ስፍራ የሚያድሩ ተጓዦች ከረጢቱን ከድንኳኑ አርቀው፣ ጅቡ ከማይደርስበት ቅርንጫፍ ላይ ግንዱን ሳይነካ ቢሰቅሉት ወይም በአቅራቢያ ካለ ቤት በአደራ ቢያስቀምጡት ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ አንባቢ፣ ከሐረር