ትንፋሽ የሚጨምረው ኦክስጅን ስላለቀ አይደለም

ሰላም አዘጋጅ፣ ስለ ስፖርትና ልብ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ ግን አንዷን ነገር ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። ስንሮጥ ቶሎ ቶሎ የምንተነፍሰው ደም ውስጥ ኦክስጅን ስለሚያልቅ ነው ብላችኋል፣ እንደዛ አይደለም። ጤነኛ ሰው መካከለኛ እንቅስቃሴ ሲሰራ ከልብ በሚወጣው ደም ውስጥ ያለው ኦክስጅን ብዙም አይቀንስም። ዴንማርካዊያኑ ኦገስት ክሮግና ዮሃንስ ሊንድሃርድ እ.ኤ.አ. በ1913 ባሳተሙት ጥናት ሰው ሳይክል ላይ አስቀምጠው ሲለኩ ትንፋሹም የልብ ምቱም ወዲያው ፔዳል መምታት እንደጀመረ ነው የጨመረው፣ ጡንቻው ያመረተው ካርቦንዳይኦክሳይድ በደም ተጉዞ ሳንባ ጋ ለመድረስ እንኳን ጊዜ ሳያገኝ። ማለትም አንጎል ጡንቻውን ተንቀሳቀስ ሲለው አብሮ ልብንና ትንፋሽንም ያነቃል፣ ከጡንቻው የሚመለሰው የነርቭ መልዕክት ደሞ ይጨመርበታል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ይሄ ነው፣ ሰውነት ችግሩ እስኪመጣ አይጠብቅም! ልብ ቁጭ ባልንበት በደቂቃ 5 ሊትር ገደማ ደም ትረጫለች፣ ጠንክረን ስንሰራ ግን 20 ሊትርና ከዛም በላይ ትደርሳለች። እባካችሁ በሚቀጥለው እትም አስተካክሉት፣ እናንተን አንብበው ሌላውን የሚያሰለጥኑ ልጆች አሉ።