ስለ ጀማሪ ሠዓሊዎች ለሚጽፉ እንክፈል ወይ? ቅዳሜ እንወስን

ሰላም ለሁላችሁም። ስለ ጀማሪ ሠዓሊዎች ለሚጽፉ ልጆች በየወሩ መክፈል እንጀምር? ቅዳሜ ተገናኝተን እንወስን።

ቦታው የገብረ ክርስቶስ ደስታ ሙዚየም በር፣ ሰዓቱ ከጠዋቱ 4 ሰዓት። እባካችሁ የሐበሻ ቀጠሮ እንዳይሆን።

የአለ ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ከ1950 ዓ.ም. ጀምሮ ሠዓሊ ያሠለጥናል። ተመራቂዎቹ ሥራቸውን ሲያሳዩ ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው «ዐውደ ርዕዩ ተከፈተ፣ ሪባኑን እገሌ ቆረጡ» ነው። ስለ ሥዕሉ ምንም። ባለፈው እዚህ የተለጠፈውን፣ ስለ አንዲት ጀማሪ ሠዓሊ የተጻፈውን ረቂቅ አይታችኋል፦ ልጅቷ ሸራ ትታ ጆንያ ላይ መሥራቷን፣ ስፌቱ በቀለሙ ሥር እንዴት እንደሚታይ፣ ቀዩ የት ላይ እንደበዛባት ሳይቀር ይናገራል። እንዲህ ያለ ጽሑፍ በነፃ ከሆነ አንዴ ሁለቴ ተጽፎ ይቀራል።

የቀረበው ሐሳብ በወር ከእያንዳንዳችን 200 ብር ነው። ለአንድ ጽሑፍ ስንት ይከፈል የሚለውን እዚያው እንነጋገራለን። አንድ ነገር ግን ከአሁኑ፦ ሠዓሊውም ሆነ ጋለሪው ለጸሐፊው አይከፍልም። ያ ማስታወቂያ ነው።

ማስታወሻ ደብተር ያዙ፤ አንድ ሥዕል መርጠን እያየን እንጽፋለን። የምትመጡም የማትመጡም እስከ ሐሙስ ማታ እዚሁ አሳውቁ። የማትመጡ የብሩን ነገር በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።