«እውነተኛ ታሪክ» የተባለው ፊልም እውነተኛ አይደለም

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

የፊልም ዓምዳችሁ ሰሞኑን ሦስት ወጣት ተጓዦች በገዳይ እጅ የሚወድቁበትን «ዎልፍ ክሪክ» የተባለ ፊልም ሲያስተዋውቅ «በአውስትራሊያ በረሃ የተፈጸመ እውነተኛ ታሪክ» ብሎታል። አዲስ አበባ ያለችው እህቴ ዓምዱን አንብባ ፊልሙን ካየች በኋላ እኔ ወዳለሁበት ሜልቦርን ደወለች። «ቤን የሚባለው ልጅ አሁን ደኅና ነው? ገዳዩስ ተያዘ?» ነበር ጥያቄዋ።

ቤን የሚባል ልጅ የለም። አብረውት የተጓዙት ሁለቱ እንግሊዛውያን ሴቶችም የሉም። እህቴ ግን አይፈረድባትም። ፊልሙ ሲያልቅ ልክ እንደ ፖሊስ ሪፖርት ጽሑፍ ይወጣል፤ የሴቶቹ ደብዛ እንደጠፋ፣ ቤን በፖሊስ ተጠርጥሮ ለአራት ወር ታስሮ ነጻ እንደወጣ፣ አሁን ሳውዝ አውስትራሊያ እንደሚኖር ይናገራል። ሁሉም ፈጠራ ነው።

መነሻ ተብለው የሚጠቀሱት ሁለት ጉዳዮች ግን እውነት ናቸው። ኢቫን ሚላት እ.ኤ.አ. ከ1989 እስከ 1992 ሰባት ወጣት ተጓዦችን ገድሏል። ሬሳቸው የተገኘው በረሃ ላይ ሳይሆን ከሲድኒ ብዙም በማይርቀው በቤላንግሎ ደን ውስጥ ነው። ሁለተኛው የእንግሊዛዊው ተጓዥ የፒተር ፋልኮኒዮ ጉዳይ ነው። በ2001 ከፍቅረኛው ጋር ሲጓዝ፣ ባሮው ክሪክ አጠገብ አንድ ሰው «መኪናችሁ ከኋላ እሳት ይተፋል» ብሎ አስቆማቸው። ፋልኮኒዮ በዚያው ቀረ። ፍቅረኛው እጇ እንደታሰረ አምልጣ ቁጥቋጦ ውስጥ ለሰዓታት ተደብቃ ተረፈች።

ፊልሙ ታሪኩ የተፈጸመው በ1999 ነው ይላል። ሚላት የተያዘው በ1994 ነው፤ በ1999 እስር ቤት ነበር። ፋልኮኒዮ ደግሞ ገና አውስትራሊያን አልረገጠም። የፊልሙ ቦታ የሆነው፣ ስሙንም ያገኘበት 880 ሜትር ገደማ ስፋት ያለው ጉድጓድ፣ ተወርዋሪ አለት ወድቆ የፈጠረው፣ የሚገኘው ዌስተርን አውስትራሊያ ነው፤ ከቤላንግሎ በሺዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ይርቃል። ታዲያ እውነቱ የቱ ጋ ነው?

«እውነተኛ ታሪክ» የሚለው ማስታወቂያ ቢነሳለት ፊልሙ ምን ይቀረው ነበር? መልክዓ ምድሩ ያምራል፤ ገዳዩን የሚጫወተው ጆን ጃራትም ጎበዝ ነው። ታሪኩ ግን ከመነሻው መድረሻው ይታወቃል። መኪናቸው አልነሳ ሲል፣ በጨለማ የጭነት መኪና መብራት ብቅ ሲል፣ ሳቂታው ሰውዬ ጎትቶ ሊወስዳቸው ሲስማማ፣ እሳት ዳር ተቀምጠው የሰጣቸውን ውሃ ሲጠጡ፣ ቀጥሎ የሚመጣውን የማያውቅ ተመልካች ያለ አይመስለኝም። ሰዓታቸው ሁሉ በአንድ ጊዜ የቆመበት ምክንያት እንኳ ሳይነገረን ያልቃል። እንዲህ ያለውን ተራ ትሪለር እስከ መጨረሻ በፍርሃት እንድናይ ያደረገን «ይህ በእውን ሆኗል» መባሉ ብቻ ነው። ፍርሃታችን የተገዛው በሌሎች ሰዎች ሐዘን ነው።

ሐዘኑ ደግሞ ያኔ ትኩስ ነበር። ፊልሙ አውስትራሊያ ውስጥ በኅዳር 2005 ሲወጣ በፋልኮኒዮ ግድያ የተከሰሰው ብራድሊ መርዶክ ዳርዊን ውስጥ ችሎት ፊት ቆሞ ነበር። ዳኝነቱን እንዳያዛባ ተብሎ ዳርዊን ባለችበት በኖርዘርን ቴሪቶሪ ግዛት ፊልሙ እንዲዘገይ ተደርጓል። መርዶክ በታኅሣሥ ተፈረደበት፣ በ2025 የፋልኮኒዮ ሬሳ የት እንዳለ ሳይናገር ሞተ። የፋልኮኒዮ ቤተሰብ እስካሁን የሚቀብረው ልጅ አላገኘም። ሚላት ከገደላቸው ሁለቱ ደግሞ ከምኖርበት ከቪክቶሪያ ግዛት የወጡ ወጣቶች ናቸው።

ከእውነተኛ ወንጀል ተነሥቶ ልብ ወለድ መሥራት ነውር የለውም። ልብ ወለዱን እውነት ብሎ መሸጥ ግን ማታለል ነው። የፊልም ነጋዴ ይህን ቢያደርግ ገበያ ፈልጎ ነው እንላለን፤ ጋዜጣ ለምን ያግዘዋል? የምንከፍላችሁ ፖስተር እንድትገለብጡልን አይደለም።

ስለዚህ በሚቀጥለው እትም በዚያው ዓምድ፣ በዚያው መጠን፣ የፊልሙ ሰዎችና ታሪካቸው ፈጠራ መሆናቸውን እንድታርሙ እጠይቃለሁ። ለወደፊቱም «በእውነተኛ ታሪክ ላይ የተመሠረተ» የሚል ፊልም ስታቀርቡ ማን፣ የት፣ መቼ እንደሆነ አብራችሁ ጻፉልን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ ከሜልቦርን