አለቃና ምንዝር በአንድ ማከፋፈያ

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ በኮምፒውተር የምጽፍ፣ ፎቶ ኮፒ የማነሣና የምጠርዝ ሴት ነኝ። መብራት ሄዶ ሲመጣ ዕቃ ተቃጠለብኝ የሚል ሰው ስለማይጠፋ፣ እኔም በገንዘቤ የተማርኩትን ላካፍል።

ከአንድ ሱቅ ባለ ስድስት ሶኬት ማከፋፈያ ገዛሁ። ሻጩ «ድንገት ከፍ ያለ ኃይል ሲመጣ ይከላከላል፤ ኮምፒውተሩ ሲጠፋም ሌላውን ራሱ ያጠፋል» አለኝ። ካርቶኑ አንዱን ሶኬት ማስተር፣ አራቱን ስሌቭ ይላል። ረዳቴ «ጌታና ባሪያ ማለት ነው» ቢለኝ ስላልጣመኝ አለቃና ምንዝር ብያቸዋለሁ።

አሠራሩ ብልህ ነው። አለቃው ሶኬት ላይ የተሰካው ዕቃ የሚስበው ኃይል ከተወሰነ መጠን ሲያልፍ ምንዝሮቹ ይበራሉ፤ ሲወርድ ይጠፋሉ። ሞኒተሩና ድምፅ ማጉያው ተኝተውም የሚጠጡት ኃይል ይቀራል። ማታ ሱቅ ስዘጋ ጠረጴዛ ሥር ማጎንበስ ቀረልኝ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር።

ጥፋቴ ላፕቶፕን አለቃ አድርጌ መሾሜ ነው። ላፕቶፕ ባትሪው ሲሞላ የሚስበው ኃይል ያንሳል፤ ማከፋፈያው ታዲያ አለቃው የተኛ መስሎት ምንዝሮቹን አሰናበተ። የአንዲት ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፍ እየታተመ፣ 43ኛው ገጽ ላይ፣ ወረቀቱ ግማሹ ወጥቶ ግማሹ ማተሚያው ውስጥ እንዳለ! መብራት ሄደ ብዬ ቀና ስል ጣሪያው ላይ ማራገቢያው ይዞራል። ተማሪዋ እኔን ታያለች፤ እኔ ማራገቢያውን አያለሁ።

ይህ ሦስት ጊዜ ከተደጋገመ በኋላ ማተሚያው ጥቁር ቀለም አልተፋም አለ። ፈሳሽ ቀለም የሚጠቀም ማተሚያ በራሱ ማጥፊያ ሲጠፋ ቀለም የሚረጭበትን አፍ ወደ መክደኛው መልሶ ይሸፍነዋል። ኃይል ድንገት ሲቋረጥበት ግን አፉን እንደከፈተ ይቀራል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ያ ቀለም እስኪደርቅ ብዙ አያስጠብቅም። ስድስተኛው ሶኬት ሁልጊዜ ኃይል ያለው፣ ለእንዲህ ዓይነቱ ዕቃ የተተወ ነበር፤ እኔ ሞባይሌን ቻርጅ አደርግበት ነበር።

ማተሚያውን ያየልኝ ባለሙያ ማከፋፈያውንም ፈታው። ውስጡ ሳንቲም የምታክል፣ ቫሪስተር የምትባል ነገር ጠቁራ ተገኘች። ከፍ ያለ ቮልቴጅ ሲመጣ ትርፉን በራሷ በኩል አሳልፋ ዕቃውን የምታድነው እሷ ናት፤ በየጊዜው እየተጎዳች ታልቃለች። እሷ ካለቀችም በኋላ ሶኬቶቹ እንደ ወትሮው ይሠራሉ፣ ጉዱም እዚህ ላይ ነው። መከላከያው በሕይወት መኖሩን የምታሳየው ትንሽ መብራት ከጠፋች ወራት ሆኗታል፤ እኔ «እሷም ቆጠበች» ብዬ ስቄ አልፌአት ነበር። ለሰዓታት ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ለሚቆይ ቮልቴጅ ደግሞ ማከፋፈያው ከመጀመሪያውም አልተሠራም፤ ያ የስታብላይዘር ሥራ ነው።

ሻጮቻችን ይህን ባያውቁ አልፈርድባቸውም፤ መመሪያው በአማርኛ የለም። አስመጪዎች ግን የትኛው ሶኬት ለምን እንደሆነና ትንሿ መብራት ስትጠፋ ማከፋፈያው መለወጥ እንዳለበት በሦስት መስመር ጽፈው ካርቶኑ ላይ ቢለጥፉ ምን ይጎድልባቸዋል?

አሁን አለቃው ዴስክቶፑ ነው፤ ማተሚያው ስድስተኛው ላይ ተሰክቷል። ባለሙያው ሲወጣ የግድግዳው ሶኬት የመሬት ሽቦ እንደሌለው፣ ያለ እሱም አዲሱ ማከፋፈያ ሙሉ ጥበቃ እንደማይሰጠኝ ነግሮኛል። አከራዬን ጠይቄያቸው «ቤቱ ከጥንትም እንዲሁ ነው» ብለውኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
የጽሕፈት አገልግሎት ባለቤት፣ ከዚራ፣ ድሬዳዋ