ለልጄ ለሊያ፣ ስለ ሰርጓጅ መርከቡ ነገር

ይድረስ ለምወድሽ ልጄ ለሊያ፤

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። እናትሽን ጉንፋን ይዟት ነበር፤ አሁን ተሽሏታል።

የላክሽውን መልእክት አነበብነው። እዚህ ስዊድን የጀመርኩትን ውትድርናዬን ስጨርስ ወደ ቤት እመለሳለሁ ብለሽን ነበር። አሁን ደግሞ ለመኮንንነት ትምህርት ላመልክት ነው፣ ከዚያም ሰርጓጅ መርከብ ላይ መሥራት እፈልጋለሁ አልሽን። እናትሽ መልእክቱን አይታ "ጭራሽ ከባህር ሥር?" አለችና ስልኩን ወደ እኔ ገፋችው። ከዚያ ወዲህ እኔና አንቺ ተመካክረን ያደረግነው መስሏት ታኮርፈኛለች። በስልክ ጀምረነው ስለማንጨርሰው ልጻፍልሽ ብዬ ነው።

የሚመስለኝን በቀጥታ ልንገርሽ። ግቢበት። ግን ምን ዓይነት ሥራ እንደሆነ አውቀሽ ግቢበት። እዚያ ቤት ጎበዝ መኮንን የሚባለው ማንም ያላየውና ማንም ያልሰማው ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በሚገባ ሠርተሽ "ባለፈው ወር እዚህ ቦታ ነበርኩ" ብለሽ ለእናትሽ እንኳን ልትነግሪያት አትችዪም። ጭብጨባ የሚወድ ሰው እዚያ አይበረክትም። አንቺ ግን ከክፍልሽ አንደኛ ወጥተሽ እንኳን ወሬውን ከጎረቤት ነበር የምንሰማው። ስለዚህ ጠባይሽ ይገጥማል ባይ ነኝ።

መንገዱን ጠያይቄያለሁ። ትምህርቱ ሦስት ዓመት ነው። ዋናው ግቢ ስቶክሆልም ጥግ ያለው የካርልበርግ ቤተ መንግሥት ነው፤ ከ1792 ጀምሮ መኮንን ሲያሠለጥን የኖረ ቦታ። (ዓመቶቹንም ቀኖቹንም በፈረንጆቹ ነው የምጽፍልሽ፣ እንዳትምታቺ።) የባህሩን ሙያ ደግሞ እዚያው አንቺ ባለሽበት ካርልስክሮና፣ በባህር ውጊያ ትምህርት ቤቱ ትማሪዋለሽ። ስትመረቂ "ፌንሪክ" ትሆኛለሽ፣ በእኛ ምክትል መቶ አለቃ እንደማለት ነው። ከዚያ በኋላ ነው የሰርጓጁ ሥልጠና የሚመጣው። አቅጣጫ መምራት፣ መሣሪያ ክፍል፣ ቀጥሎ "ሴኮንድ" የሚሉት ምክትል አዛዥነት፣ መጨረሻ ላይ የአዛዥነት ኮርስ። ሁሉም እዚያ አይደርስም።

አምና አንቺን ልንጠይቅ መጥተን ካርልስክሮና ያለው የባህር ኃይል ሙዚየም የገባን ጊዜ ትዝ ይልሻል? አንቺና እናትሽ ሃየን ጋ ቆማችሁ ፎቶ ስትነሱ ነበር፤ ያቺ በ1904 ባህር የወረደችው የስዊድን የመጀመሪያዋ ሰርጓጅ። እኔ ኔፕቱን ውስጥ ቀረሁ። ኔፕቱን በ1979 ባህር ወርዳ እስከ 1998 ያገለገለች መርከብ ናት። ርዝመቷ ወደ 50 ሜትር ይሆናል። ከውጭ ስታያት ግዙፍ ናት። ውስጧ ስትገቢ ግን ያ ሁሉ ቦታ የት እንደገባ እንጃ። ግድግዳው ሁሉ ቧንቧ፣ ቫልቭ፣ ሽቦና መለኪያ ነው። አልጋው አንድ ሰው ተጋድሞ ጎኑን ለመገልበጥ የሚቸገርበት ነው። አንዱ ከፊት እየመጣ ከሆነ ሌላው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ማሳለፍ አለበት። የማሽን ሰው ነኝና እያንዳንዱን ቫልቭ ልነካ ስል ጠባቂው ዓይኑን አልነቀለብኝም። እዚያ ውስጥ ሳምንታት ከሰው ጋር ሳትጣይ መክረም በራሱ ሙያ ነው። የኩርፊያ ቦታ የለም። ማን የቡና ስኒውን እንደማያጥብ ሁሉም ያውቃል።

አሁን ደግሞ እኔን ወደሚመስጠኝ ነገር ልምጣ፤ ሞተሩ። ሰርጓጅ መርከብ በናፍጣ ሞተር ባትሪዋን ትሞላለች፣ ሥር ስትሆን በባትሪ ትሄዳለች። የናፍጣ ሞተር ደግሞ አየር ይፈልጋል። ስለዚህ በየጊዜው ወደ ላይ ቀረብ ብላ በቱቦ አየር መሳብ ነበረባት፤ የምትያዘውም ያኔ ነው። ሰርጓጆቹን የሚሠራው የስዊድን ኩባንያ የኮኩምስ መሐንዲሶች ምን አደረጉ መሰለሽ? ስተርሊንግ የሚባለውን ሞተር አመጡ። ሮበርት ስተርሊንግ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1816 የፈለሰፈው ነው። በዚህ ሞተር ናፍጣው የሚነደው ለብቻው ባለ ማንደጃ ክፍል፣ መርከቧ ተሸክማው በምትሄደው ፈሳሽ ኦክስጅን ነው። ከሲሊንደሩ የሚገባው ሙቀቱ ብቻ ነው። ሲሊንደር ውስጥ ፍንዳታ የለም፣ ስለዚህ ድምፁም የለም ማለት ይቻላል። በ1980ዎቹ መጨረሻ ኔከን የምትባለውን መርከብ መሐሏን ቆርጠው፣ ሞተሩ ያለበትን ክፍል ጨምረው መልሰው በየዷት። ሠራ። ከዚያ ጎትላንድ የምትባለውን ሰርጓጅ ከመጀመሪያውም ለዚህ ሞተር ብለው ሠሯት፤ በ1996 አገልግሎት ጀመረች። ወደ ላይ ሳትወጣ ሳምንታት ትቆያለች። በነገራችን ላይ ስተርሊንግ ቄስ ነበር። ለእናትሽ ቄስ የፈለሰፈው ሞተር ነው ብዬ ልነግራት አስቤያለሁ፤ ትለሳለስ ይሆናል።

ባልቲክም ለዚህ ሥራ የተፈጠረ ባህር ነው። አማካይ ጥልቀቱ 55 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ጎትላንድ ደግሞ ርዝመቷ ከ60 ሜትር በላይ ነው። ቀጥ አድርገሽ ብታቆሚያት ጫፏ ከውሃው በላይ ይወጣል! ግን ውሃው አንድ ዓይነት አይደለም። ከወንዞች የሚገባው ጨው የሌለው ውሃ ከላይ ይሆናል፣ በዴንማርክ በኩል የሚገባው ጨዋማው ደግሞ ጠላ ሲሰክን አተላው እንደሚዘቅጠው ከታች ይተኛል። የሶናር፣ ማለት ድምፅ እየላከ ከውሃ ሥር ያለውን የሚፈልገው መሣሪያ፣ ድምፅ እዚያ ድንበር ላይ ሲደርስ ይጣመማል። አሳዳጁ ከላይ ሆኖ ቢጮህ ቢጮህ ከሥር ያለችውን ላይሰማት ይችላል። ያንን ንብርብር ማንበብ ነው የመኮንኑ ዕውቀት።

አሜሪካኖቹም ይህን ስላወቁ በ2005 ጎትላንድን ከነባህርተኞቿ ተከራይተው ሳንዲያጎ ወሰዷት። በትልቅ መርከብ ላይ ተጭና ነው ውቅያኖሱን ያቋረጠችው። ሁለት ዓመት ገደማ ድብብቆሽ ሲጫወቱ ከረሙ። በአንዱ ልምምድ ያን ሁሉ አጀብ ሾልካ አልፋ ሮናልድ ሬገን የሚባለውን አውሮፕላን ተሸካሚ መርከብ እንደ "አሰጠመችው" ተቆጠረላት። ሠላሳ ገደማ ሰው ብቻ የያዘች መርከብ እኮ ናት!

ግን እኔ ስለ መኮንንነት ሳስብ ከዚህ ይልቅ የ1981ዱ ነገር ነው የሚመጣብኝ። አንቺ አሁን ካለሽበት ብዙም ሳይርቅ፣ ጥቅምት 27 ማታ አንዲት የሶቪየት ሰርጓጅ መርከብ የተከለከለው የባህር ክልል ውስጥ ገብታ ድንጋይ ላይ ወጣች። ስዊድኖች ዩ 137 አሏት። በማግስቱ የአካባቢው ዓሣ አጥማጆች ናቸው ያሳወቁት። የካርልስክሮና ባህር ኃይል ሠፈር የስታፍ ኃላፊ የነበረው ካርል አንደርሰን በጀልባ ወደ መርከቧ ሄደ፤ ከአዛዡ ከአናቶሊ ጉሽቺን ጋር ፊት ለፊት ተነጋገረ። ጉሽቺን መሣሪያዬ ተበላሽቶ መንገድ ስቼ ነው አለ። ያንን ሁሉ ደሴትና ዓለት እየታጠፈ አልፎ እዚያ ድረስ የመጣ ሰው መንገድ ጠፍቶኝ ነው ሲል ባህርተኛ አይሰማውም። ቆይቶ ደግሞ በመርከቧ ላይ ዩራኒየም መኖሩ በመለኪያ ታወቀ። የኒውክሌር ቶርፒዶ ይዛለች ማለት ነው።

ከባህር ክልሉ ውጭ የሶቪየት መርከቦች ቆመው ይጠብቃሉ። ሰማዩ ተናወጠ፣ ማዕበል ተነሣ፣ ዩ 137 የድረሱልኝ ጥሪ አሰማች። በዚያው ሰዓት ሁለት መርከቦች ወደ ስዊድን ውሃ ሲመጡ በራዳር ታዩ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ፌልዲን "ድንበሩን ጠብቁ" ብሎ አዘዘ። መድፈኛው ቦታውን ያዘ፣ አውሮፕላኖች ተነሡ። ግማሽ ሰዓት ያህል እንደዚያ ሆኖ ሲጣራ መርከቦቹ እህል የጫኑ የምዕራብ ጀርመን የንግድ መርከቦች ሆነው ተገኙ። አስቢው እስቲ። በዚያ ግማሽ ሰዓት ውስጥ አንድ መኮንን እጁ ቢፈጥን ኖሮ ምን ሊመጣ ነበር? ማንም አልቸኮለም። ጉሽቺንን ጠየቁት፣ መረመሩት፣ መርከቧንም ከድንጋዩ ጎትተው አወጡለት፣ ኅዳር 6 ሸኙት።

እኔ ስለ ሶቪየቶቹ ሰርጓጅ የማውቀው ትንሽ ነው። በእኛ ባህር ኃይል ምጽዋ ሳገለግል ዳህላክ ውስጥ ኖኩራ ላይ ሠፈር ነበራቸው። አንድ ጊዜ በጥበቃ ጀልባችን ስናልፍ ከሩቅ ጥቁር ጀርባዋን በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሁላችንም ሥራ አቁመን ፈዘን ቀረን። የእኛ አለቃ፣ ስሙን አልጠራም፣ ከላይ ሆኖ ይጮህብን ነበር። ሞተር ክፍል አንድ ቀን ወርዶ አያውቅም። ሙቀቱን አያውቀው፣ ዘይቱን አያውቀው፤ ለምን ፍጥነት ቀነሰ ብቻ ነው ጥያቄው። ሰርጓጅ መርከብ ላይ እንዲህ ያለ መኮንን አያዛልቅም። አዛዡም ምግብ አብሳዩም የሚተነፍሱት አንድ አየር ነው። ውሃ ቢገባ የትኛው ቫልቭ እንደሚዘጋ ሁሉም ማወቅ አለበት። የእኛ መርከቦች በ1991 ወደ የመን ሲሸሹ ያለቀው ነገር ብዙ ነበር፤ እሱን ሌላ ቀን እናወራዋለን።

የሚከፋውንም ልንገርሽ። ኡልቨን የምትባል የስዊድን ሰርጓጅ ነበረች። ሚያዝያ 1943፣ አገሪቱ ጦርነት ውስጥ ሳትገባ፣ በምዕራብ ዳርቻ ማርስትራንድ አካባቢ ልምምድ ላይ ሳለች ጀርመኖች የቀበሩት ፈንጂ አገኛት። ቀናት ፈለጓት። ያገኟት ግንቦት መባቻ ላይ ነው። 33ቱም ወሬ ነጋሪ ሳይተርፍ አለቁ። ዛሬ ባህር ኃይሉ ቤሎስ የምትባል የነፍስ አድን መርከብ አለው፤ ሥር ወርዳ ሰርጓጇ ላይ የምትገጥም፣ ሠራተኛውን በአንዴ የምታወጣ ትንሽ ሰርጓጅም ትይዛለች። ያም ሆኖ ባህር ባህር ነው። ይህንን ለእናትሽ እንዳታነሺባት፣ አደራ።

እናትሽ ሴት ልጅ እዚያ ምን ትሠራለች ላለችው ግን መልስ አለኝ። ኖርዌያዊቷ ሶልቬይግ ክሬይ በ1995 ሰርጓጅ መርከብ አዛለች፤ በዓለም የመጀመሪያዋ ሴት ናት። አንቺ ያኔ አልተወለድሽም። ስለዚህ አዲስ ነገር አይደለም።

አዲሶቹ ብሌኪንጌና ስኮኔ የሚባሉት መርከቦች በ2022 አካባቢ ይደርሳሉ ሲባል ነበር፤ ዓመታት ዘገዩ። አንቺ ተምረሽ እስክትጨርሺ እነሱም ቀስ ብለው ይደርሱልሽ ይሆናል። ከፊታቸው ጠላቂና ሮቦት የሚወጣበት ሰፊ በር አላቸው አሉ። ባልቲክ ሥር ያለው የጋዝ ቧንቧና የኢንተርኔት ገመድ እየተበጠሰ ባለበት ጊዜ ሥራ አታጪም። ስዊድንም በ2024 ኔቶ ገብታለች፣ ጉዞው ከድሮው ይረዝማል ብዬ እገምታለሁ።

ማመልከቻው መቼ እንደሚዘጋ አጣሪና ላኪልኝ። ሒሳብሽን ከአሁኑ ከልሺ። እናትሽን ለእኔ ተዪአት፣ ግን በዚህ ሳምንት አንቺው ራስሽ ደውዪላት፤ በእኔ በኩል የሚመጣ ወሬ አትወድም። አጎትሽ ከደወለ ስለዚህ ነገር ትንፍሽ እንዳትዪ። በማግስቱ ዋሽንግተን ድረስ ይሰማል።

አባትሽ